ያበጠው ጎሚኒ

ረፋድ ላይ የለገሠ አስከሬን ከሶፊ ቁልቁለት ሥር ሲነሳ፣ ሰዉ ፍርዱን ጨርሶ ነበር። ከአባቱ የወረሰው አሮጌ ላንድክሩዘር ፍሬን እንቢ ብሎት ገደል ገብቷል። ትናንት የፍሬኑን ሸራ የቀየረለት ደግሞ መካኒኩ ነስሮ ነው። ስለዚህ ገዳዩ ነስሮ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ ከበው ደበደቡት።

ኢንስፔክተር ሥርጉት ጣቢያ ስትደርስ ከንፈሩ ተሰንጥቆ አገኘችው።

«ወላሂ ኢንስፔክተር፣ ሸራ ብቻ ነው የቀየርኩት! ፔዳሉ ደስ አላለኝም። ማስተሩ ይፈታ ስለው ‹ከሶፊ ስመለስ› አለኝ።»

ሥርጉት ንዴቷን ውጣ ወደ መኪናው ሄደች። ያደገችው አባቷ ጋራዥ ውስጥ ነው። የተጨራመተውን ኮፈን አስነሳች። የፍሬን ዘይቱ አዲስ፣ ንጹሕ ነው። የዘይት እቃው ክዳን ጎሚኒ፣ ማሸጊያ ላስቲኩ፣ ግን አብጦ ቦታው አልገባ አለ። ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋውን ማስተር አስፈታች፤ የውስጡም ጎሚኒ እንደዚያው። ለማንም ሳትናገር ወደ ሟቹ ቤት አመራች።

«ባለፈው ሳምንት መኪናው ማን ጋ ነበር?» ስትል ሚስቱን ትዕግሥትን ጠየቀቻት።

«ለገሠ ለገብርኤል ቁልቢ በአውቶቡስ ስለሄደ፣ ወንድሙ ጋ።»

ወንድምየው ኒቆዲሞስ ከለቅሶው ድንኳን ጥግ ብድግ አለ። «እኛን ምን ይጠይቁናል? ነስሮ ነው! ፍሬኑ ውስጥ የሞተር ዘይት ጨምሮ ወንድሜን ፈጀው!»

ሥርጉት ትክ ብላ አየችው።

ከሰዓት በኋላ ነስሮን፣ ትዕግሥትንና ኒቆዲሞስን ነስሮ ጋራዥ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ደብዳቢዎቹም በር ላይ ተኮልኩለዋል። ያበጠውን ጎሚኒ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«የሞተር ዘይት የፍሬን ጎሚኒ ያሳብጣል። ያበጠ ጎሚኒ ግፊት አይይዝም፤ ፔዳሉ ይሰምጣል። ግን እንዲህ ለማበጥ ቀናት ይፈጃል። ነስሮ መኪናውን ያገኘው ትናንት ነው። ከዚያ በፊት ቁልፉ ማን ኪስ ነበር?»

ትዕግሥት ቀስ ብላ ወደ ኒቆዲሞስ ዞረች።

«እኔ አልነካሁም!»

«እቃው ውስጥ ያለው ዘይት ንጹሕ ነው፤ ማንም ቢያየው አይጠረጥርም። የሞተር ዘይት ገብቶ እንደነበር የሚያውቅ፣ የጨመረውና መልሶ ያወጣው ሰው ብቻ ነው። እኔ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ግን ድንኳን ውስጥ ጮኸህ ተናገርከው።»

ኒቆዲሞስ ዓይኑን ከጎሚኒው ሳያነሳ ተናገረ። «የፍሬን ዘይቱ ጎድሎ አየሁና… የተሳሳተ ጣሳ አነሳሁ። ሲገባኝ መጥጬ አዲስ ሞላሁበት። ልገድለው አስቤ አልነበረም! ‹የአባታችንን መኪና አበላሸህ› እንዳይለኝ ብዬ ነው…»

«አንዲት ቃል!» ትዕግሥት ደረቱን በሁለት እጇ መታችው። «ዛሬ ጠዋት የግቢውን በር የከፈትክለት አንተ ነህ! ‹በሰላም ግባ› ብለህ ሸኘኸው! አንዲት ቃል አቃተህ?»

«ጣሳ መሳሳት ያለ ነው» አለች ሥርጉት። «አንተ ግን ወንድምህ ሲነዳ ዝም አልክ። ንጹሕ ሰው ተደብድቦም ‹ነስሮ ነው› ብለህ ጮህክ።»

ኒቆዲሞስን ራሷ በካቴና አሰረችው። ከዚያ ወደ በሩ ዞረች።

«ነስሮን መጀመሪያ የመታው ማን ነው?»

ከኋላ ያሉት ወደ ጋራዡ ግንብ ጥላ ማፈግፈግ ጀመሩ።

«ማንም ንቅንቅ እንዳይል!» ብላ ጮኸች። «ዛሬ ገና መጠየቅ መጀመሬ ነው።»