ራስ የሌለው እባብ

አቶ ጣሰውን የገደላቸው እባብ መሆኑን የተጠራጠረ ጎረቤት አልነበረም። ክርክሩ እባቡን ማን ቤት አስገባው የሚል ነበር። ልጃቸው ወገኔ ባለፈው ሳምንት በመሬት ድርሻ ከአባቱ ጋር ተጣልቷል፤ ለሐሜት ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? ጎረቤቶቹ የልጁን እጅ በገመድ አስረው ፖሊስ ጠሩ።

ከአርብ ገበያ ከተማ የመጣችው መርማሪ ዋና ሳጅን መስታወት የሟቹን እግር ገልጣ አየች። ቁርጭምጭሚቱ ላይ የእሾህ ጭረት የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች በግማሽ ክብ ተደርድረዋል። እግሩ አላበጠም። መደቡ ሥር ግን አረንጓዴ ትውከት ደርቋል።

ተገድሎ ደጅ የተጣለውን እባብ በእንጨት ገለበጠችው። ራስ የለውም።

«ራሱን ማን ወሰደው?»

«አያ ዋለ» አሉ የሟች ሚስት ወይዘሮ የሻረግ። «እፉኝት ነው ብለው ቆረጡት። ለመድኃኒት ይሆናል ይላሉ፤ ሁልጊዜም ይወስዱታል።»

«ወገኔስ ምን አለ?»

«ጤና ጣቢያ እንውሰደው ብሎ በቅሎ ጭኖ ነበር። የከለከልኩት እኔ ነኝ። አያ ዋለ ስንቱን አድነዋል፣ ልጄ።»

መድኃኒት አዋቂው አያ ዋለ ከለቀስተኛው ፊት፣ እንደ ባለቤት ተቀምጠዋል።

«እባብ ይለያሉ፣ አያ ዋለ?»

«ሠላሳ ዓመት። ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ እለያለሁ።»

«ለአቶ ጣሰው ምን አጠጧቸው?»

«የሥር መድኃኒት ነው። ለሌላው አንድ ስኒ፣ ለእሳቸው ሁለት። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቢድኑ አገር ይሰማዋል ብዬ ነው።»

መስታወት ስልቻቸውን አስፈታች። በቅጠል የተጠቀለለውን የእባብ ራስ አወጣችና ለቀስተኛው ሁሉ እያየ አፉን በስንጥር ከፈተችው።

«እኔ ያደግኩት ስማዳ ቆላ ነው» አለች። «እፉኝት ከላይ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች አሉት፤ የነደፈው እግር ያብጣል፣ ይጠቁራል። የዚህ ጥርስ ሁሉም ጥቃቅን ነው፤ እግራቸው ላይ ያለው ምልክትም እንደዚሁ። መርዝ የለውም። አይጥ ፍለጋ ራሱ ገባ እንጂ ማንም አላስገባውም። የገደላቸው ያጠጧቸው ሥር ነው።»

«ሰው አይሳሳትም?» አሉ ዋለ።

«በዳሰሳ የሚለዩ ሰው አይሳሳቱም። የእባቡን ራስ ሁልጊዜ የሚወስዱት ሌላ ሰው አይቶ እንዳይለየው ነው። ያዳኗቸው ሁሉ ባይታከሙም የሚድኑ ነበሩ። እውነተኛ እፉኝት የነደፈው ሲመጣስ ምን ይሉታል?»

የመለሰችው አንዲት ለቀስተኛ ናት። «ዘግይታችሁ አመጣችሁት» አለች። «ልጄ ሲሞት ያሉኝ እንደዚያ ነው።»

ከመስታወት ጋር የመጡት ፖሊሶች ዋለን ወሰዷቸው። የወገኔን ገመድ ፈቱለት፤ ይቅርታ ያለው ግን አንድም ሰው አልነበረም።

ወይዘሮ የሻረግ የመስታወትን ክንድ ያዙ። «ዝም ብለን ብንተወው ኖሮስ፣ ልጄ?»

ውሸት አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ወገኔ እየሰማ ነበር።

«አቶ ጣሰው ዛሬ ገብስ ያጭዱ ነበር፣ እማማ።»

«ጣሰው አልጠጣም ብሎኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ የሻረግ፣ እጃቸውን እያዩ። «አፉን ይዤ ያጠጣሁት እኔ ነኝ።»

ወገኔ ወደ እናቱ አልዞረም። ከትናንት ጀምሮ ተጭና ወደቆመችው በቅሎ ሄደና ኮርቻውን ያወርድ ጀመር።