ማሰሮ ከሥሩ ነው የሚያዘው

ሆሴዕን መጀመሪያ ያወቅሁት በጩኸቱ ነው።

ሆሳዕና ውስጥ በምሠራበት ክሊኒክ ተረኛ ነርስ ነበርኩ። አንድ ረጅም ልጅ መዳፉን በሻርፕ ጠቅልሎ፣ ደሙን እያንጠባጠበ ገባ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሰው ቤት መስመር ሲዘረጋ የተሰበረ መስታወት ቆርጦታል። ገና መርፌና ክር ሳወጣ ሲያይ ጣሪያ የሚያነሳ ጩኸት ለቀቀ።

«ኧረ ገና አልነካሁህም!»

«አውቃለሁ። ቀድሜ ልገላገለው ብዬ ነው።»

ሳቄ አመለጠኝ። «ከኤሌክትሪክ ጋር እየዋልክ መርፌ ትፈራለህ?»

«ኤሌክትሪክ አይታይም እህቴ። ይሄ ይታያል።» ዓይኑን ጨፈነ። «ሲያልቅ ንገሪኝ።»

ሰፍቼ ጨረስኩ፤ ግን አልነገርኩትም። ፊቱን ትንሽ ማየት ፈልጌ ነበር። አንድ ዓይኑን ገለጥ ሲያደርግ አፍጥጬ ሳየው ያዘኝ። ቀድሜ ያቀረቀርኩት እኔ ነኝ።

ክሩን ሊያስወጣ ከቀጠሮው ቀን በፊት መጣ። ክሩ ከወጣ በኋላም መምጣቱን አልተወም።

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ይሄ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። የሆሴዕ ፍርሃት ከመርፌ አያልፍም፤ የእኔ ግን አብሮኝ ያደገ ነው። እናቴ ሸክላ ሠሪ ናት፤ አያቴም እንደዚያው። በአገራችን ለእንደኛ ዓይነቱ የወጣ ስም አለ፤ ስድብ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። የሠራነው ማሰሮ የማይገባበት ቤት የለም፤ እኛ ግን ከደጃፍ አናልፍም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ስዞር ውሃ ከጠማን፣ የእንሰት ቅጠል ታጥፎ በእሱ ላይ ይንቆረቆርልን ነበር፤ ከንፈራችን ኩባያቸውን እንዳይነካ። ዛሬ ሕጉም ቤተ ክርስቲያኑም ሰው ሁሉ እኩል ነው ይላል። እሰየው! ጋብቻ ሲመጣ ግን ሁሉም አጥንት ይቆጥራል። የስንቱን ቁስል በእጄ አጥቤ እንኳ፣ እስከ ዛሬ የራሴን ኩባያ በቦርሳዬ ይዤ ነው የምዞረው።

ለሆሴዕ ነገርኩት። ጁስ ቤት ቁጭ ብለን፣ አቮካዶው እንደቀረበ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ጁሱን በማንኪያ ያማስል ጀመር። ቀና ሳይል ሲቀር ቦርሳዬን አነሳሁ።

«ወዴት ነው?»

«ልሂድልህ ብዬ።»

«ቁጭ በይ እንጂ ሐዳሳ! የማስበው ስለ አንቺ አይደለም። ስለ እናቴ ነው።»

እናቱ፣ እማማ እልፍነሽ፣ ዶዮገና ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ እሱን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ሴት።

«እስክንጋባ አንነግራትም» አለ። «ከተጋባን በኋላ ምን ታመጣለች?»

እኔ ሞኟም እሺ አልኩ። ወድጄዋለሁ፤ እንዳላጣው ፈራሁ። እሺ ማለቴ ምን ድረስ እንደሚወስደኝ የገባኝ፣ ለእናቱ ስለ እኔ የነገራቸውን ስሰማ ነው። «ወላጆቿ ሞተዋል፤ አክስቷ ናት ያሳደገቻት» ብሏቸዋል።

«እናቴን ገደልካት?»

«ታዲያ ምን ልበል? ‹ዘመዶቿን ላግኛቸው› ብትለኝስ?»

አንጋጫ አጠገብ ወዳለው ቤታችን ሄጄ ለእናቴ ነገርኳት። ጭቃ እያቦካች ነበር። ሳቀች።

«ለአንቺ ከሆነ እሞታለሁ፤ ምን አለበት? ሰርጉን በቪዲዮ ታሳዪኛለሽ።»

ከዚያ ወደ ጭቃዋ አጎነበሰች። ብዙ ጠበቅሁ፤ ቀና አላለችም።

መስቀል ሲቃረብ እማማ እልፍነሽ «እጮኛህን አምጣልኝ» አሉ። ከሆሳዕና ዶዮገና ድረስ የምመልሰውን በልቤ ስለማመድ ሄድኩ። ክፉ ሴት ቢሆኑ ኖሮ በቀለለኝ። እሳቸው ግን ደጅ ድረስ ወጥተው አገላብጠው ሳሙኝ።

«ይቺ ቀጫጫ! ቆንጆ ናት እንጂ፣ ምን ታበላታለህ አንተ?» ብለው ልጃቸውን ተቆጡት። ወተት በራሳቸው ኩባያ ቀድተው ሰጡኝ። ኩባያውን ከንፈሬ ሲነካው አንድ ሰው «ያዟት!» የሚል መሰለኝ።

በማግስቱ ገበያ ወጣን። «የበዓል ቡላ በአሮጌ ማሰሮ አይሠራም» አሉ። እናቴ የምትሸጠው አንጋጫ ስለሆነ፣ በዚያ በኩል እንኳ ሐሳብ አልነበረኝም። የበዓል ሰሞን የዶዮገና ገበያ እንደሚደምቅ፣ ሸክላ ሠሪ ሁሉ ወደዚያ እንደሚጎርፍ እንዴት ረሳሁት? ያውም እኔ!

ሸክላ የሚሸጥበት ከከብት ተራው ወዲያ፣ ከገበያው ግርጌ ነው። የእናቴን አረንጓዴ ሻሽ ከሩቅ አየሁት። እሷም አየችኝ። ፊቷ ሊፈካ ሲል ያዘችው፤ ሻሿን ወደ ግንባሯ ስባ አቀረቀረች።

እማማ እልፍነሽ ያን ሁሉ ሻጭ አልፈው እሷ ፊት ቆሙ። ሥራዋ ያምራላ!

«አንቺ፣ ይሄን ስንት አልሽው?»

ተከራከሩ፤ ተስማሙ። እማማ ገንዘቡን መሬት ላይ አስቀመጡላት፤ እጅ ለእጅ አይነካካም። «አንሺው ልጄ» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አነሳሁት። እጄ የከዳኝ ያን ጊዜ ነው። ገዢ ማሰሮን አንገቱን ይዞ ያነሳል። ሸክላ ሠሪ ቤት ያደገች ሴት አንገቱን አትነካም፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ በአንገቱ ከተያዘ ይበጠሳልና፣ ከልጅነታችን የለመድነው ሁለት መዳፍ ከሥሩ፣ አፉ ወደ ደረት ነው። ሳላስበው እንደዚያ አቀፍኩት። እናቴም በዚያችው ቅጽበት ለሌላ ገዢ ሌላ ማሰሮ አነሳች፤ ሁለት መዳፍ ከሥሩ፣ አፉ ወደ ደረት።

እማማ እልፍነሽ የእኔን እጅ አዩ። የእሷን አዩ። እንደገና የእኔን አዩ።

«አንቺ» አሏት እናቴን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይቺን ልጅ ታውቂያታለሽ?»

እናቴ ቀና አላለችም። «የት አውቃታለሁ እመቤቴ? የተማረች፣ የደህና ሰው ልጅ ናት።»

ተረፍኩ። ከእንግዲህ የሚጠበቅብኝ ዝም ብሎ መራመድ ብቻ ነው። እግሬ ግን እምቢ አለኝ። ስወልድም እንዲህ ልትል ነው? ታማ ስትተኛም ከሩቅ አይቻት ላልፍ ነው? ያን ጊዜ ሆሴዕን ከማጣት የባሰ የሚያስፈራ ነገር መኖሩ ገባኝ። ማሰሮውን አስቀመጥኩና ከእናቴ ጎን መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

«እናቴ ናት፣ እማማ። አልሞተችም።»

እማማ እልፍነሽ ነጠላቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ ወደ ኋላ አሉ። ሞተር ብስክሌቱን ሊያቆም ወደ ኋላ የቀረው ሆሴዕ የደረሰው ያኔ ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሐዳሳ፣ ተነሺ» አለ በሹክሹክታ። «ሰው እያየ ነው።»

«ይየኝ።»

እኔን አየኝ። እየተንገዳገዱ የሚሄዱትን እናቱን አየ። እሳቸውን ተከትሎ ሮጠ።

«ምን አደረግሽ ልጄ? ምን አደረግሽ?» ትለኛለች እናቴ። ትቆጣኛለች፤ እጇን ግን ከጉልበቴ ላይ አላነሳችም። ቀኑን ሙሉ አብሬያት ስሸጥ ዋልኩ። በየደቂቃው ስልኬን አያለሁ። ባይመጣስ ብዬ እፈራለሁ፤ ቢመጣና «በቃን» ቢለኝስ ብዬ ደግሞ ብሶ እፈራለሁ።

ገበያው ሳሳ ሲል በእግሩ መጣ። ከፊታችን ቆመ።

«እናቴ ማሰሮውን አምጣ ብላኛለች» አለ። «ከፍላለች።»

ለካ የመጣው ለማሰሮ ነው! ተነስቼ ከሥሩ አቅፌ ዘረጋሁለት። አልተቀበለኝም። ላቡ በግንባሩ ይወርዳል፤ የሚያየው እናቴን ነው።

«እናቴ፣ ውሃ ይኖርዎታል? ጠምቶኛል።»

እናቴ ደነገጠች። በዚያ ገበያ «እርስዎ» ያላት ሰው ሰምቼ አላውቅም። ጀሪካኗን ሳበች፤ የፕላስቲክ ኩባያዋን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው፤ ግራ ቀኝ መፈለግ ጀመረች።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ቅጠል ነው ልጄ። ኩባያው የእኔ ነው፤ ጠጥቼበታለሁ።»

ሆሴዕ እጁን ዘረጋ። «በእርስዎ ኩባያ ይስጡኝ።»

ቅቤ ሻጮቹ ወሬያቸውን አቆሙ። ከከብት ተራው በኩል አንዱ «ያ የእልፍነሽ ልጅ አይደለም እንዴ?» ሲል ሰማሁ። ሆሴዕም ሰምቷል። እኔ በሰፋሁት እጁ ኩባያውን ተቀበላት። መርፌ ሲያይ ዓይኑን የጨፈነው ሰው፣ ዓይኑን እንደገለጠ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ እስከ ሥሩ ጠጣው።

«ይድገሙኝ» አላት።

ሁለተኛውን ይዞ አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ፈራህ?» አልኩት።

«በጣም። ከመርፌ ይብሳል።» ወደ እኔ ዞረ። «እናትሽን የገደልኩት እኔ ነኝ ሐዳሳ። ይቅር በይኝ። ማሰሮውንም አልወስድላትም። ራሷ ትምጣና ከእናትሽ እጅ ትቀበል።»

ሰርጋችን ጥር ላይ፣ ሆሳዕና ነው። እናቴ ፊት ለፊት ትቀመጣለች፤ በቀሚሷ ቀለም ከአሁኑ እየተጨቃጨቅን ነው። ሆሴዕ እሑድ እሑድ ለእናቱ ይደውላል። «በልተሃል?» ይሉታል፤ «አዎ» ይላል፤ ስልኩ ይዘጋል። እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ። ባይመጡስ እላለሁ። መጥተው ለእናቴ እጃቸውን ባይዘረጉስ? ሆሴዕ ስልኩን ይዞ ቁጭ ሲል፣ አንድ ቀን ይጸጸት ይሆን ብዬ ፊቱን እሰልላለሁ። ያን ጊዜ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ «ሲያልቅ ንገሪኝ» ይለኛል።

መስቀል አለፈ። እናቴ አሁን ለገበያ ዶዮገና ነው የምትወጣው። ያን ማሰሮ በየገበያው ተሸክማ ትሄዳለች፤ ማታ ተሸክማ ትመለሳለች። ስንት ሰው ጠየቃት።

«ይሄ አይሸጥም» ትላለች፣ አቧራውን በሻሿ እየጠረገች። «የሰው ነው። ከፍላበታለች፤ ትመጣለች።»