አጎበሩ ላይ የነበረችው

ይህን ስነግራችሁ የሚስቅ ይኖራል። ይሳቅ... እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ባለፈው ክረምት ነው። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር፣ ቤታችን። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ቢሆንም ከጣና የመጣው ዝናብ ቤቱን አጨልሞታል።

ወንድሜ አምባቸው ሁለት ታራንቱላ ያረባል። ትልልቅ፣ ጠጉራም ሸረሪቶች ናቸው። ሁለቱም ጥቁር፣ ጉልበታቸው ብርቱካናማ። እኔ ለይቻቸው አላውቅም።

ከሥራ ስገባ ከሚኖሩባቸው ሁለት የመስታወት ሳጥኖች የአንዱ ክዳን ተከፍቷል።

ለአምባቸው ደወልሁለት።

"አንዷ የለችም" አልሁት በሹክሹክታ።

"የትኛዋ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ... አንድ ናቸው።"

"የቀረችውን ፊቷን እይ። አፏ አጠገብ ስንት መስመር አለ?"

የስልኬን መብራት አስጠጋሁ።

"ሁለት።"





"እሷ ገራሟ ናት... የወጣችው ተናካሿ ናት። እማዬ የት ናት?"

እናታችን የልብ ሕመምተኛ ናት። ጓዳ ተኝታለች።

በጣቴ ጫፍ እየረገጥሁ ገባሁ።

አጎበሩ ላይ ነበረች።

በውስጥ በኩል... ከእናቴ ፊት በላይ።

ባዶ የማር ጠርሙስ አነሳሁ። አጎበሩን በቀስታ ገልጬ ደፋሁባት። በካርቶን ከለልሁና ክዳኑን ገጠምሁ። በፕላስተር ደጋግሜ ጠቀለልሁት።

እናቴ አልነቃችም።

አምባቸው ከፔዳ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በዝናብ ርሶ ደረሰ። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አየ።

ደጋግሞ አየ።

"ሔራን... ይህች የእኔ አይደለችም።"

"እንዴት?"

"ፊቷ ላይ ምንም መስመር የለም።"

ወደ ተከፈተው ሳጥን ሄዶ የዛፍ ቅርፊቱን አነሳ። ሥሩ ተናካሿ ተሸጉጣ ተኝታለች። ፊቷ ላይ አንድ መስመር። ጭራሽ አልወጣችም።

"ሦስተኛ አምጥተህ ነበር?"

"ኖሮኝ አያውቅም።"

በዚህ መሐል እናቴ ተጣራች። ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ ትተን ሁለታችንም ገባን። ውኃ አጠጣናት፤ ትራሷን አስተካከልሁ... ወጣን።

ክዳኑ እንደተገጠመ ነው። ፕላስተሩ አልተነካም።

ውስጡ ያለው ግን ቆዳ ብቻ ነው... ጀርባው ላይ የተሰነጠቀ፣ ባዶ ቆዳ።

"ቆዳቸውን ይለውጣሉ" አለ አምባቸው ቀስ ብሎ። "ግን... እሷስ የት ሄደች?"

 ጠርሙሱን እያየሁ ነበር።

መስታወቱ ከውስጥ በኩል፣ ሰው የተነፈሰበት ይመስል፣ ጉም ለብሷል።

እያየነው... ጉሙ እንደገና ወፈረ።