ተገልብጦ የመጣ ጆንያ

ትርፌን ያገኟት በግንብ ተንጠላጥለው የገቡ ሰዎች ናቸው። የግቢው የብረት በር ከውስጥ በመወርወሪያ ተዘግቶ ነበር። እሷ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ፣ እግሮቿን ዘርግታ፣ አንገቷን ወደ ትከሻዋ ጥላ፣ ሥራ ጨርሶ ያረፈ ሰው መስላ ተቀምጣለች። አፏ ላይ የደረቀው አረፋ ባይኖር ተኝታለች ባሏት ነበር። ምድጃው አጠገብ ትልቁ ድስት በአፉ ተደፍቷል። የማሽላው ንፍሮ መሬት ላይ ፈሶ አመድና አፈር ተመልሶበታል።

ከበሩ ውጭ ጦርነቱ ከየከተማቸው ያፈናቀላቸው ሱዳናውያን እናቶች ሳህናቸውን ይዘው ቆመዋል። ቀኑ ዓርብ ነበር። ዓርብ ዓርብ በሱዳኗ ከተማ በገዳሪፍ ያሉ ሐበሾች የመስተንግዶ ባለሙያዎች ማኅበር አጠገቡ ባለው ትምህርት ቤት የተጠለሉትን ያበላል። ወጥ ሠሪው፣ አስተናጋጁ፣ ሻይ ሻጯ፣ ሎካንዳ የሚሉት የእንግዳ ማደሪያ ቁልፍ ያዡ የሚገናኙበት፣ ሥራ ያጣው ሥራ ካለው የሚተዋወቅበት ማኅበር ነው። የዓርቡን ድስት የምትጥደው ትርፌ ነበረች።

ትርፌ ሁለት ልማድ ነበራት። አንደኛው፣ በሩን ሳትከፍት አንድ ሙሉ ሳህን ራሷ ትበላለች። «እንግዳው የሚበላውን ቀድሞ ያልበላ፣ አብሳይ አይባልም» ትላለች። ሁለተኛው የስጦታው ነው። ለዓርብ እህል የሚሰጥ አባል ጆንያውን ገልብጦ፣ ጽሑፉን ወደ ውስጥ አድርጎ፣ ሰው ሳያየው ከማድቤቱ ጓዳ ያስቀምጣል። ማን ምን እንደ ሰጠ አይታወቅም። ትንሽ የሰጠ አያፍርም፤ ብዙ የሰጠም አይጎርርም። ስጦታ ስም የለውም፣ ይህ የእሷ ሕግ ነበር፤ ማኅበሩም ተቀብሎታል።

ሶፎኒያስ ድሮ መተማ ላይ ወንጀል መርማሪ ነበር። አሁን ገበያው አጠገብ ባለ ሎካንዳ የእንግዳ ቁልፍ ይይዛል። ሰው ሲያናግረው መሬት መሬት የሚያይ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ሙላዚም ሰላሃዲን የሚባለው የፖሊስ መኮንን ልኮ አስጠራው። የመኮንኑ እናት የድንበሯ ከተማ የጋላባት ልጅ ስለሆነች አማርኛው የእናት አማርኛ ነው።

«ነገሩ ኸላስ፣ አልቋል» አለ ሰላሃዲን በግቢው መሃል ቆሞ። «ሐኪሙ መርዝ ነው ብሏል። ጠዋት ሻይ በፔርሙዝ የላከችላት ሻይ ሻጯ ሶፊ ናት። ትናንት ደግሞ በስብሰባችሁ ላይ ሁለቱ በሰው ፊት ተሰዳድበዋል። ዛሬ ከዐሥር ሰዓት በኋላ ለዐቃቤ ሕግ አስረክባታለሁ።»

«ሶፊ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። አንዴ ከገባች ማን ፈልጎ ያወጣታል?»

«አውቃለሁ።»

«ካለቀ ታዲያ እኔን ለምን ጠራኸኝ?»

ሰላሃዲን ኮፍያውን አውልቆ ግንባሩን ጠረገ። «እያለቀሰች አንድ ነገር ትጠይቀኛለች። ‹ሻዩን ጠጥታው ይሆን?› ትላለች። ገዳይ ይህን አይጠይቅም፤ ያውቀዋላ።»

ሶፎኒያስ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከ። የትርፌ ሁለት መዳፎች ተልጠው ቀልተዋል። ጥፍሮቿ ውስጥ አመድ ገብቷል። ከምድጃው አጠገብ የበላችበት ሳህን ተጠርጎ ባዶውን ተቀምጧል። የሶፊ ፔርሙዝ ግማሽ ድረስ ጎድሏል፤ ሲኒው ላይ ዝንቦች ስኳሩን እየተሻሙ ይተራመሳሉ። እህል በምትለቅምበት ድንጋይ ዙሪያ ግን ሁለት ርግቦች ክንፋቸውን ዘርግተው ሞተዋል።

«ድመት ይሆናል» አለ ሰላሃዲን።

«ድመት ገድሎ ትቶ አይሄድም።»

«ሴቶቹ ደግሞ ሌላ ነገር ይላሉ። በሩን ሲያንኳኩ ‹ሂዱ፣ ሂዱ› ብላ አባረረችን ይላሉ። ትርፌ ሰው አባርራ ታውቃለች? ገዳዩ ውስጥ ሆኖ አስገድዷት ነው፤ ከዚያ በግንብ ዘሎ ወጣ ይላሉ።»

ሶፎኒያስ ተነሣ። ጓዳ ገብቶ ጆንያዎቹን አየ። ሁሉም ተገልብጠዋል። አንዱ ብቻ ተከፍቶ ተጋምሷል። በገመድ የታሰረ አይደለም፤ የላስቲክ ጆንያው አፍ በቀጫጭኑ፣ እንደ ማራገቢያ ታጥፎ ኖሮ መስመሩ አልለቀቀም። ከማሽላው አንድ ጭብጥ ዘግኖ ኪሱ ከተተ።

ሶፊ ከፖሊሱ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች። ነጠላዋ በእንባ ረጥቧል።

«በምን ተጣላችሁ?» አላት።

«በንፍሮ ነው፣ ጋሼ ሶፎኒያስ። ‹ንፍሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው፣ ለቆመ ሰው ንፍሮ ታበያለሽ?› አልኋት። እሷም ‹ያንቺ ሻይ ስኳሩ ከመብዛቱ ሻይነቱን ረስቷል› አለችኝ። ሰው ሳቀ። እኔም ተናደድሁና ‹ንፍሮሽን ለራስሽ ለቅሶ ያድርገው› አልሁ።» አፏን በነጠላዋ ያዘች። «አድሬ ጸጸተኝ። ሻይ ላክሁላት። ስኳር በዛ አድርጌ፣ እንድትስቅ ብዬ። ጠጥታው ይሆን?»

«ቆይ፣ እነግርሻለሁ» አላት።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ቴዎድሮስ ምግብ ቤት ያለው፣ ሸሚዙን አስተኩሶ የሚለብስ ሰው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ሲጋራ ሳይለኩስ በጣቱ ያሽከረክራል።

«ከትርፌ ጋር እኔም አልስማማም ነበር፣ አልደብቅህም» አለ። «ሰው ሲሰጥ ስሙ ይነበብ፣ ፎቶ ይነሳ አልሁ። ማኅበር የሚያድገው እንደዚያ ነው። እሷ እምቢ። ትናንት ከከሰላ አንድ የሆቴል ባለቤት ጋብዤ ነበር፤ አስተናጋጅ ይፈልጋል። አባሎቹን ላስተዋውቀው። ስለዚህ አስቀድሜ ‹ለዓርቡ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ከእንግዳው ጋር አላስተዋውቅም› ብዬ ተናገርሁ። ይኼ ጥፋት ነው?»

«ማን ተቀጠረ?»

«አቦይ ኪዳነማርያም። እንግዳው የእጃቸውን ቅልጥፍና ሲያይ ወደዳቸው። ሁልጊዜ የሚለብሱትን ያን ነጭ ኮታቸውን እንኳ አልለበሱም፣ የኔን አበድሬ ነው ያቆምኋቸው።»

ሶፎኒያስ ቀና ብሎ አየው፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ መሬት መለሰ።

አቦይ ኪዳነማርያም ሁመራ በአንድ ሆቴል ዋና አስተናጋጅ ነበሩ። በአገራቸው ጦርነት ጊዜ የድንበሩን ወንዝ ተሻግረው በስደተኞች መቀበያው በመንደር 8 አልፈው ገዳሪፍ ገቡ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ብለው ያገኙት በሀዋታ በኩል ባሉ እርሻዎች የቀን ሥራ ነው። በየስብሰባው ግን ነጩን ኮታቸውን ለብሰው ይመጡ ነበር። አሁን በሸሚዝ ብቻ፣ ሬሳው የተሸፈነበትን ጨርቅ እያዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«እንኳን ደስ አለዎት ልበል ወይስ እግዚአብሔር ያጥናዎት?» አለ ሶፎኒያስ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ።

«ሁለቱንም በል፣ ወደይ፣ ልጄ። ዛሬ ለእሷ ልነግራት ነበር የመጣሁ። ሥራ አገኘሁ ልላት። እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ ወንበር የሰጠችኝ እሷ ናት። ‹አቦይ፣ እርስዎ ስንቱን አስተናግደዋል፣ ዛሬ ይቀመጡ› አለችኝ።»

«ኮትዎስ?»

«አጠብሁት። አልነጣ አለኝ።» መሐረባቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ልብ ሳይሉት፣ በቀጫጭኑ እንደ ማራገቢያ አጠፉት። ፈቱት። እንደገና አጠፉት።

ሶፎኒያስ ጣቶቻቸውን አየና ተነሣ። 

ያንኑ ቀን፣ ዐሥር ሰዓት ሳይሞላ፣ ከቀብር መልስ ሁሉም ትርፌ ግቢ ተሰበሰቡ። ሰላሃዲን ሶፊን አስቀርቧል። ሌሎች ሴቶች ከቴዎድሮስ ምግብ ቤት ባመጡት እህል የለቅሶ ንፍሮ ቀቅለዋል፤ ድስቱ መሃል ተቀምጦ ይቀዘቅዛል እንጂ እጁን የሚሰድ የለም። በሩ ከውስጥ ተዘግቷል። ከውጭ እናቶቹ ደግመው መጥተዋል፤ የሕፃናት ድምፅ ይሰማል።

ሶፎኒያስ ውሃ የተሞላ ብርጭቆ ይዞ ቆመ።

«ከሻዩ ልጀምር» አለ። «ሲኒው ላይ የነበሩት ዝንቦች ሆዳቸው እስኪሞላ ጠጥተው በረሩ። መርዝ ያለበት ሻይ የጠጣ ዝንብ አይበርርም። ሁለተኛ ድስቱ። ማን ደፋው? ገዳይ ነው ብለን ነበር። የትርፌ መዳፎች ግን ተቃጥለዋል። ያለ ጨርቅ ድስት ነክታ የማታውቅ ሴት የሚፈላውን ድስት በባዶ እጇ ይዛ ገለበጠችው። አመዱንም የመለሰችበት እሷ ናት፤ ጥፍሯ ውስጥ ነበር።»

«አንዲት ፍሬ ስትወድቅ ጎንበስ ብላ የምታነሳ ሰው?» አለ ቴዎድሮስ።

«አዎ፣ እሷው። እንደ ልማዷ ቀድማ አንድ ሳህን በላች። ትንሽ ቆይቶ ሰውነቷ ነገራት። በምን እንደ ሆነ ገባት። ያን ጊዜ በሩ ውጭ እናቶቹ ደርሰዋል። በሩን ብትከፍት ሐኪም ይጠሩላት ነበር። ግን ምን ይሆናል? የራበው ሕፃን መሬት የፈሰሰ ንፍሮ ሲያይ አመዱን እፍ ብሎ ይበላል። ስለዚህ መወርወሪያውን ዘጋች። ‹ሂዱ› አለቻቸው። ሊያመልጥ የሚሞክር ሰው ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የተቀመጠችው፤ ስትደክም እንዳይገፉት በሰውነቷ ደገፈችው።»

 ሶፊ ራሷን ያዘች።

«ርግቦቹ የበሉት ጥሬውን ነው» ብሎ ቀጠለ። «መርዙ እህሉ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ይህ ከዚያ ጆንያ ነው።» ከኪሱ ያወጣውን ማሽላ ብርጭቆው ውስጥ ጨመረና ጠበቀ። የቀይ ማሽላ ውሃ ወደ ቡናማ ያደላል። ይህ ግን እንደ ሕፃን ጥፍር ሮዝ እየሆነ መጣ። «የዘር ማሽላ ነው። ተባይ እንዳይበላው በመድኃኒት ታሽቶ፣ ሰው እንዲያውቀው ሮዝ ቀለም ይቀባል። ታጥቦ ደርቋል። ማሽላው በራሱ ቀይ ስለሆነ ትርፌ ልትለየው አልቻለችም። ከየት መጣ ብላም አትጠይቅም። ላለመጠየቅ ሕግ ያወጣችው እሷ ናት።»

«ያመጣው ማን ነው?» አለ ሰላሃዲን።

«ገዳይ አይደለም። ለመግደል የሚያስብ ሰው መርዙን አያጥብም።»

«ማን ነው አልሁህ።»

ሶፎኒያስ መሬት መሬት አየ። «በዚህ ግቢ ስጦታ ስም የለውም።»

«ሶፎኒያስ፣ ልክ ነህ፣ ግን ያ ዘር የተረፈበት ቦታ አለ። ነገ ሌላ ድሃ ዘግኖ ይቀቅለዋል። ምን ልበለው?»

 መልሱ የመጣው ከድንጋዩ ላይ ነው።

«ወደይ፣ ሮዝ ነው ያልኸው?» አቦይ ኪዳነማርያም ቀስ ብለው ተነሱ። ብርጭቆውን ከሶፎኒያስ እጅ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አነሱት፤ የእንግዳ ብርጭቆ ጥራት እንደሚያይ አስተናጋጅ ነበር አያያዛቸው። «የኔ ነው» አሉ።

«አቦይ...» አለ ቴዎድሮስ።

«ዘሩ ከተዘራ በኋላ ማሳ ዳር የተረፈ ነበር። ‹ቀለሙን የሚቀቡት ሠራተኛ እንዳይሰርቅ ነው፣ ታጥቦ ይበላል› አሉኝ አብረውኝ የሚሠሩት። እኔ የሆቴል ሰው ነኝ፣ የዘር ነገር በምን አውቄ። ደጋግሜ አጠብሁት። ማድረቂያ ስላጣሁ ኮቴን አነጠፍሁ። ባዶ እጄን እንዳልመጣ።» ብርጭቆውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። «ርቦኝ ነበር፣ ወደይ። ግን ለስጦታ ያልሁትን አልቀንስም ብዬ ለራሴ አንድ ጭብጥ አላስቀረሁም። አስቀርቼ ቢሆን እኔ ቀድሜ እሞት ነበር። እሷ ትተርፍ ነበር።»

ቴዎድሮስ ግድግዳውን ይዞ ቁልቁል ተቀመጠ። «‹ባዶ እጁን የመጣ› ያልሁት እኔ ነኝ» አለ። 

ሰላሃዲን ወደ ሶፎኒያስ ጠጋ ብሎ በዝግታ «አውቀህ ነበር?» አለው።

«የጆንያው አፍ እንደ ሆቴል ናፕኪን ታጥፎ ነበር። ኮታቸውም አልነጣም።»

መኮንኑ ኮፍያውን በእጁ እንደያዘ ለሶፊ «ሂጂ፣ ነፃ ነሽ» አላት። ለሽማግሌው ደግሞ «ነገ ጠዋት ማሳውን ያሳዩኛል። ተከሳሽ ብዬ አልወስድዎትም፤ ምስክር ብዬ ነው» አላቸው። እሳቸው የሰሙት አይመስሉም።

ሶፊ አልሄደችም። «ጋሼ ሶፎኒያስ፣ እነግርሻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ጠጥታዋለች» አላት። «ደግማ ቀድታለች።»

ያን ጊዜ ነው እዬዬ ብላ ያለቀሰችው።

በሩ ተንኳኳ። አንዲት እናት ከውጭ በዓረብኛ «አሁንም ሂዱ ነው?» አለች። ሰዎቹ ድስቱን አዩት፤ እርስ በርስ ተያዩ። በልቶ የሚያሳይ ጠፋ፤ ሳያሳዩ መስጠትም የማይቻል ሆነ።

አቦይ ኪዳነማርያም እጃቸውን ታጠቡ። ሳህን አንስተው ንፍሮውን ሞልተው ጨለፉ። ሄደው ትርፌ በተቀመጠችበት ቦታ፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀመጡና መብላት ጀመሩ። ሶፊ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ከዚያው ሳህን ዘገነች።

«ጨው አንሶታል» አለች።

«እሷ ብትሆን አይጎድልም ነበር» አሉ።

ሳህኑን ጨረሱ። የግንቡ ጥላ እግራቸው ላይ እስኪደርስ ማንም ከቦታው ሳይንቀሳቀስ ጠበቁ። ሽማግሌው ምንም እንዳልሆኑ፣ ምንም እንደማይሆኑ ሲያረጋግጡ ፊታቸው ላይ የታየው እፎይታ አልነበረም። ተነሡ። መወርወሪያው ላይ የትርፌ ጣቶች በአመድ ታትመዋል። አሻራውን ላለመንካት ብረቱን በጫፉ ይዘው ሳቡት።

ከዚያ ሸሚዛቸውን አስተካክለው፣ ግራ እጃቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ ሁመራ ሆቴል ደጃፍ ላይ እንደሚያደርጉት ጎንበስ አሉ።

«ተፈደሉ» አሉ፣ በእንግዶቹ ቋንቋ። «ግቡ።»