ወዬ አትበይ

ይሄ ነገር በእውነት የሆነ ነው። ግማሾቻችሁ ታሪኩን ሳትጨርሱ «ፈጠራ ነው» ብላችሁ ኮሜንት እንደምትጽፉ አውቃለሁ፤ ለምጄዋለሁ። ይሄንን ግን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሌሊት አይደለም። ጅብም አልጮኸም።

እሁድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጆሃንስበርግ፣ ቤሪያ ሰፈር፣ የአንድ አሮጌ ፍላት ሰባተኛ ፎቅ። ውጭ ፀሐይዋ ቁልጭ ብላለች። ታች መንገዱ ላይ ሙዚቃው ይጮኻል።

እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነበረችው ሰሊማ ናት። ዱርንፎንቴን ውስጥ ከእኔ ሱቅ አጠገብ መጋረጃ ትሸጣለች። ስለ መጋረጃዎቿ ጥራት ትዋሻለች፣ እሱን አልክድም። ከዚያ ውጭ ግን ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም።

ታሪኩ አብራት የምትኖረው የፊቤ ነው።

ፊቤ የሆሳዕና ልጅ ናት። ሳምንቱን ሙሉ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር፣ ስፓዛ በሚሏት ትንሽ ሱቅ ውስጥ፣ ከፍርግርግ ብረቱ ጀርባ ቆማ፣ ዳቦና የስልክ ካርድ ስትሸጥ ትውላለች። እሁድን ቤሪያ መጥታ ቸርች ሄዳ ታርፋለች። ቀኝ እጇ ላይ፣ ከአውራ ጣቷ እስከ አንጓዋ ድረስ፣ የፈላ ዘይት ያቃጠላት ጠባሳ አለ።

ይሄን ጠባሳ ያዙልኝ።

ታናሽ እህቷ ፍሬገነት ማስካት ነበረች፣ ኦማን። የሰው ቤት ሠራተኛ። ደላላው ፓስፖርቷን «ሰሚያ» በሚል ስም አውጥቶላት ስለሄደች፣ እዚያ ፍሬገነት የሚላት አንድም ሰው አልነበረም። አርብ አርብ ድምፅ እየቀዳች ለፊቤ ትልክ ነበር።

ከፋሲካ በኋላ ግን ድምጿ ጠፋ።

ፊቤ እዚያ ያሉትን የሀገር ልጆች ሁሉ ጠየቀች። «ፍሬገነት የምትባል አናውቅም» አሏት። «ሰሚያ» ስትላቸው ደግሞ «የትኛዋ ሰሚያ?» አሏት።

መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። በኋላ ለቅሶው ቆመ። ተጽናንታ አይደለም... ደንዝዛ ነው። ዳቦ ትሸጣለች፣ መልስ ትሰጣለች፣ ቸርች ትዘምራለች፤ ውስጧ ግን ምንም የለም። «ጥርስ ሲነቀል መርፌ ይወጉሽ የለ?» አለቻት አንድ ቀን ለሰሊማ። «እኔ ሁለመናዬን ተወግቻለሁ።»

እናታቸው እማማ በለጥሽ እሁድ እሁድ ይደውላሉ።

«ሁለታችሁም እኮ ውጭ ሀገር ናችሁ። ብቅ ብለሽ አታያትም?»

ለእማማ በለጥሽ ውጭ ሀገር ማለት አንድ ሰፈር ነው። የጥገኝነት ፔፐሯ ከኤርፖርት በር እንደማያሳልፋት ፊቤ እንዴት ብላ ታስረዳቸው?

«እሺ እማዬ» አለቻቸው አንድ እሁድ። «አያታለሁ።»

ያንን ቃል በሰጠች በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያውን አየችው።

«መምጣት ላልቻላችሁ። የማስካት ከተማ የግል ጉብኝት፣ በቀን፣ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በቪዲዮ። አስጎብኚ አቢሶ።»

ወዲያው ጻፈችለት። ፍሬገነት በረንዳ ላይ ቆማ የተነሳችውን ፎቶ ላከችለት። ይሄንን ቤት ማየት እፈልጋለሁ፣ ክፍያው ስንት ነው አለችው።

«ክፍያ የለውም» ሲል መለሰ። «የቤት ስምሽን ብቻ ላኪልኝ።»

ሰሊማ አልጣማትም።

«እዚህ ከተማ ጥይት ካልሆነ በነፃ የሚሰጥሽ ነገር የለም። እዚያ የተለየ ነው እንዴ?»

ፊቤ ግን ላከችለት። «ቢቢ» ብላ። ፍሬገነት ልጅ እያለች ፊቤ ማለት አቅቷት ያወጣችላት ስም ነው። ከእናቷና ከእህቷ በቀር በዚህ ስም የሚጠራት የለም።

ልክ በስምንት ሰዓት ደወለ።

ሁለቱ አልጋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስክሪኑ ላይ ባሕር አለ። ነጫጭ ቤቶች አሉ። ከኋላቸው ዛፍ የሌለው ቡናማ ተራራ።

«እንኳን ወደ ማስካት በሰላም መጣሽ፣ እህቴ።»

የወንድ ድምፅ ነው። ለስላሳ። የሸመደደውን የሚያነበንብ ዓይነት። ፊቱን አላሳየም።

«በስተቀኝሽ ባሕሩ ነው። በስተግራሽ የመጥራህ ገበያ ነው። ብር፣ ሽቶና ሻርፕ ይሸጥበታል።»

ባሕሩ ግን በስተግራ ነበር።

ተሳስቶ ይሆናል አለች ፊቤ በልቧ።

ሰሊማ በልጅነቷ ቁርአን ስለቀራች የዓረብኛ ፊደል ታነባለች። ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች... ከዚያ የፊቤን ክንድ ያዘች።

«ፊደሉ...» አለች በሹክሹክታ።

«ምን ሆነ?»

«የሱቆቹ ጽሑፍ። ተገልብጧል። በመስታወት እንደምታይው።»

«ካሜራው ነዋ።»

ገበያው ውስጥ ገቡ። ሱቆቹ ሁሉ ክፍት ናቸው። ማራገቢያዎቹ ይዞራሉ። ሻርፖቹ ይወዛወዛሉ።

ሰው የለም። ሻጭም፣ ገዢም።

ሰሊማን ከሁሉም በላይ ያስፈራት እሱ ነው። «ሱቁን ከፍቶ፣ ዕቃውን ደጅ ዘርግቶ የሚጠፋ ነጋዴ አይቼ አላውቅም» አለችኝ።

አስጎብኚው ቀጠለ። ድምፁ አልተለወጠም።

«እዚህ አግዳሚ ላይ አርብ አርብ ትቀመጥ ነበር።»

«ማን?» አለች ፊቤ።

«ከዚህ ሱቅ ሻርፕ ገዝታለች። ሰማያዊ። ለአንቺ ነው ያለችው።»

«ወንድሜ... እህቴን ታውቃታለህ?»

«ደረጃ አለ፣ ተጠንቀቂ።»

ፊቤ አልጋ ላይ ተቀምጣ እግሯን አነሳች።

ሰሊማ አይታታለች። እግሯን አነሳችና ቀስ ብላ አሳረፈችው... ደረጃ እንደሚወጣ ሰው።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ሎድሼዲንግ የሚሉት የመብራት ፈረቃ ነው፤ ቤሪያ ለምዶታል። ታች ያለው ሙዚቃ ቀጥ አለ። የዋይፋዩ መብራትም ድርግም አለ። የፊቤ ስልክ ውስጥ ደግሞ ዳታ የሚባል ነገር የለም፤ ጠዋት ቸርች ለመሄድ ታክሲ የጠራችው በሰሊማ ስልክ ነበር።

ቪዲዮው ግን አልተቋረጠም። እንዲያውም ጠራ።

«ፊቤ... ዋይፋዩ ጠፍቷል።»

ፊቤ አልሰማቻትም።

«ፊቤ፣ በምንድን ነው የሚሠራው? ወላሂ ዝጊው!»

ክፍሉ ውስጥ ሽታ ገባ። የጨውና የዓሣ ሽታ። የጆበርግ ሰው ባሕር ማየት ከፈለገ አውቶቡስ ተሳፍሮ ደርባን ድረስ ነው የሚሄደው።

አስጎብኚው ደረጃውን እየወጣ ነው። ብዙ ደረጃ ነው። ትንፋሹ አይሰማም። የጫማው ድምፅም አይሰማም። ጣሪያ ላይ ወጣ። ፀሐይዋ ከርራለች፣ ግን የማንም ጥላ መሬቱ ላይ የለም።

ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ ክፍል አለች። በሩ ቆርቆሮ ነው። እጀታው ላይ ሰማያዊ ሻርፕ ታስሯል።

«ጉብኝቱ እዚህ ያበቃል» አለ። «በሩን እኔ አልከፍተውም።»

ከዚያ ከውስጥ...

«ቢቢ...»

የፍሬገነት ድምፅ ነው። ትንሽ ጎርነን ያለ፣ ከእንቅልፉ የነቃ ልጅ ዓይነት። ሰሊማም ታውቀዋለች፤ አርብ አርብ አብራ ትሰማው ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እማማ በለጥሽ ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ ደጋግመው ያስጠነቀቋቸው ነገር አለ። የማታዩት ሰው ስማችሁን ሲጠራ ቶሎ ወዬ አትበሉ፣ አቤትም አትበሉ። ሰው ከሆነ ሦስት ጊዜ ይጣራል። ያኛው ነገር ግን አንዴ ብቻ ነው የሚጣራው።

የሰሊማም እናት እንደዚያው ብለው ነው ያሳደጓት።

«ዝም በይ» አለቻት ሰሊማ፣ ጆሮዋ ስር። «ሦስት ይሙላ።»

ፊቤ አፏን ዘጋች። ጠበቁ።

ሁለተኛው ጥሪ አልመጣም።

ሻርፑ ይወዛወዛል... በሩ ዝም...

«እህቴ» አለ አስጎብኚው በዚያው ድምፁ። «ካልመለስሽላት ትሄዳለች።»

የፊቤ ያን ሁሉ ወር ያልወረደው እንባ ዱብ ዱብ አለ። መርፌው የለቀቃት ያኔ ነው። ሰሊማ እጇን አፏ ላይ ጫነችባት፤ ፊቤ ቀስ ብላ የሰሊማን እጅ አነሳችው። አልገፈተረቻትም። እንዲያውም ሳመችው።

«ፊቤ፣ በአላህ! እሷ አይደለችም!»

«ብትሆንስ?»

ከዚያ...

«ወዬ!» አለች። «ወዬ ፍሬዬ! ወዬ የኔ እናት! አለሁ!»

በሩ ተከፈተ።

ሰሊማ ዓይኗን ጨፈነች። ያየችው ስለሌለ የምነግራችሁ የለኝም።

ዓይኗን ስትገልጥ መብራት መጥቷል። ታች ሙዚቃው ይጮኻል። ስልኩ ተዘግቷል። ፊቤ እዚያው አልጋው ላይ ተቀምጣለች። ጉንጯ ደርቋል።

«አገኘኋት» አለች። ድምጿ ደስታም የለው፣ ሐዘንም የለው።

ሰሊማ ምን ማድረግ እንዳለባት ጠፋት። ሰው ግራ ሲገባው የሚያደርገውን አደረገች፤ ሻይ አፍልታ ዳቦ አቀረበች።

ፊቤ ዳቦውን በግራ እጇ አነሳችው።

ሰሊማ አየቻት። በግራ እጇ ጎረሰች። በግራ እጇ ሻዩን ጠጣች።

ጠባሳው ግራ እጇ ላይ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፊቤ እንደ ወትሮዋ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ኦሬንጅ ፋርም ግን አልደረሰችም። አሠሪዋ ደውሎ «ሱቁ ተዘግቶ ነው የዋለው» አለ። ፈለግናት። እኔም ፈልጌያታለሁ፤ ሆስፒታሉንም፣ ፖሊስ ጣቢያውንም፣ ቸርቿንም።

በሦስተኛው ቀን ከስልኳ ለሰሊማ አንድ ፎቶ መጣ።

ሁለት ሴቶች ባሕር ዳር ቆመዋል፣ ጀርባቸውን ሰጥተው። አንዷ ሰማያዊ ሻርፕ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች። እጃቸውን ዘርግተዋል፣ ግን አልተያያዙም። በመሀላቸው የአንድ ሰው ቦታ ትተዋል።

እሁድ እማማ በለጥሽ ለሰሊማ ደወሉ። ድምፃቸው የሠርግ ቤት ድምፅ ነበር።

«ሰሊሜ! ፊቤ ደወለችልኝ እኮ! አያታለሁ ብላኝ ነበር፣ ሄደች ልጄ! አብረው ናቸው!»

«ዛሬ ከተማውን በቪዲዮ ላሳይሽ አለችኝ። የጎረቤት ልጅ ስልክ አውሶኝ ይኸው እያየሁ ነው። ባሕሩ እንዴት ያምራል! ደግሞ የሚገርምሽ... እናቴ የምትጠራኝን ስም ጠየቀችኝ።»

«እማማ... አልነገሯትም አይደል?»

«ለልጄ? ነገርኳት እንጂ።»

ከእማማ በለጥሽ ጀርባ፣ ከዚያኛው ስልክ፣ ድምፅ ተሰማ። የሴት ድምፅ ነው። ሰሊማ የማታውቀውን ስም ጠራ።

አንዴ።

«እማማ! ወዬ እንዳይሉ! እርስዎ አይደሉ እንዴ ያስተማሯቸው? ሦስት ይሙላ እማማ፣ ሦስት ይሙላ!»

እማማ በለጥሽ ዝም አሉ። ሁለተኛው ጥሪ እስኪመጣ እየጠበቁ ነበር፤ አልመጣም።

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «አውቃለሁ... ግን ሁለቱም እዚያ ናቸው።»

ከዚያ ሰሊማ «ወዬ» ሲሉ ሰማቻቸው።

ፎቶውን ያሳየችኝ በማግስቱ ነው። ያው የነገረችኝ ፎቶ ነው። ያው ባሕር፣ ያው ሁለት ጀርባ። መሀሉ ላይ ግን ክፍተት የለም። ነጠላ የተከናነቡ ትንሽዬ እናት ቆመዋል። ልጆቻቸው ግራና ቀኝ እጃቸውን ይዘዋቸዋል።

ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። አፋቸው ተከፍቷል። ሰው የሚጣሩ ይመስላሉ።

«ማንን ነው የሚጠሩት?» አልኳት።

ሰሊማ ስልኳን ተቀብላኝ መጋረጃዎቿን ማጣጠፍ ጀመረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠራት ቶሎ አትመልስልኝም። ሱቋ በር ላይ ቆሜ ሦስት ጊዜ እጠራታለሁ፤ በሦስተኛው ብቅ ትልና «ምን ፈለግክ አንተ?» ትለኛለች። ፍርሃቷ ገብቶኛል፤ አልስቅባትም።

ትናንት ከሰዓት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ ከመጋረጃዎቹ ጀርባ ሰሊማ «አቤት» ስትል ሰማኋት።

እኔን አቤት ብላኝ አታውቅም።

ደግሞም አልጠራኋትም።