እሱ ያልሰማው ሞተር

መካኒክ የሚያምን የሸገር ሰው እስቲ አሳዩኝ! እኔም አላመንኩም፤ ልቤ ከወደደው በኋላ እንኳ አላመንኩትም።

ምልኬሳን ያወቅሁት የአባቴ ሚኒባስ ኦሎምፒያ ላይ ሰማያዊ ጭስ እያንቦለቦለች በቆመችብን ዕለት ነው። አባቴ በጎሮው መሬታችን ካሣ የገዛት፣ ቤቱን ሙሉ የምታበላ ናት። እሱ በዚያ ሲያልፍ አየንና ቦሌ ሚካኤል ወዳለው ጋራዡ ጎትቶ ወሰደልን። ሞተሩን ፈታትቶ በባትሪ እያበራ ሲያይ ቆየ። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን።

«ብሎኩ፣ የሞተሩ ዋና አካል፣ ደህና ነው» አለ ወደ አባቴ ዞሮ። «ፒስተኑን ቀይሬ ብሠራው ዓመታት ያገለግላችኋል። ግን ጊዜ ይፈልጋል።»

ከተማው በየቀኑ ፎቅ በሚያበቅልበት በዚያ ዘመን፣ መኪና አቁሞ መቀመጥ ለአባቴ ሞኝነት ነበር። «ከዱባይ የመጣ ያገለገለ ሞተር ገዝተን እንግጠም» አለ።

«እንደ ፈቃድዎ፣ ጋሽ ሰቦቃ። ግን ሲገዙ ይዘውኝ ይሂዱ። ቀዝቅዞ ሳለ ሲነሣ ልስማው።»

እንዲያም ሆኖ ይሠራ ይቀየር ሲባባሉ ሳምንት አለፈ። እኔ በየቀኑ ሰበብ ፈልጌ፣ ምሳ ቋጥሬ ጋራዡ እሄድ ነበር።

ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ዕቃ ሊያጋዛ አብሮ የሄደ መካኒክ ከሻጩ ኮሚሽን እንደሚበላ የማያውቅ ማን አለ? አባቴን አሳምኜ ቅዳሜ ለምልኬሳ ሳንነግረው ሹልክ ብለን ሄድን። ሻጩ ዘንድ ስንደርስ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሞቆ፣ እንደ ስፌት መኪና እየዘመረ ጠበቀን። ገዛን።

ምልኬሳ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። «ስትደርሱ ሞቆ ነበር?»

«አዎ።»

ሌላ ቃል ሳይተነፍስ ገጠመልን። ዝምታው ከስድብ በላይ አናደደኝ።

ሲያዩት ያምራል፣ ሲበሉት ያቅራል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጭሱ ከድሮው ብሶ መጣ። ለካ ሻጩ ጭሱ እንዳይታይ ወፍራም ዘይት ሞልቶ፣ ቀድሞ አሙቆ ሸውዶናል። ብንሄድበት «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ሳቀብን።

አባቴ አኮረፈኝ። በሻጩ በገንኩ፣ በራሴ በገንኩ፣ ከሁሉ በላይ ግን በምልኬሳ። ሄጄ ጮህኩበት።

«ለምን ዝም አልከኝ?»

«አንቺስ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?»

«ኮሚሽን ትበላለህ ብዬ!»

እጁን በናፍጣ እየታጠበ ነበር፤ ተወው። «ለሌባ ነው ምሳ ስታመላልሺ የከረምሽው?»

እንባዬ መጣ። «ስለምወድህ ነው። አምኜህ ብታታልለኝ አልችለውም ብዬ ፈራሁ።»

እጁን በጨርቅ ጠረገ። ከዚያ ጥግ ላይ የነበረውን ሸራ ገለጠው፤ አባቴ ለቁራሌው ስጠው ያለው አሮጌው ሞተራችን ነው።

«ለምን አልሸጥከውም?»

«ትመለሻለሽ ብዬ። እሠራዋለሁ፤ ሦስት ሳምንት ስጪኝ።»

«በየቀኑ እየመጣሁ ነው የምጠብቅህ።»

«እንግዲያው ሁለት ወር ይፈጃል።»

«ምልኬሳ! አንዲት ቀን ብትጨምር አባቴን ነው የምልክብህ!»

በሃያኛው ቀን ሽማግሌዎች ላከ። አባቴም «መጀመሪያ ሞተሩ ይነሣ፤ ልጅ መስጠቱ ከዚያ በኋላ ነው» ብሎ መለሳቸው።

በማግስቱ ተነሣ።