ማነጻጸሪያው ማሳ

መርማሪ ጁሬማ ከጀልባ ወርዳ ወደ ከሰል ማከማቻው ስትገባ፣ የአፈር ተመራማሪው ዶክተር ኦታቪዮ በተንጠልጣይ አልጋቸው ላይ እንደተጋደሙ ነበሩ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ከምሳ በኋላ ሸለብ ያደረጋቸው እንጂ የሞቱ አይመስሉም።

«የከሰል ጭስ ነው» አለ ረዳታቸው ኤቫንድሮ። «ያልጠፋ ፍም በጆንያ ገብቶ ይሆናል። አደጋ ነው እንግዲህ።»

ጁሬማ ጆንያዎቹን ዳበሰች። ሁሉም እርጥብና ቀዝቃዛ ናቸው። ከአልጋው ሥር ግን አመድ የሞላ ገል አገኘች። የበሩ ስንጥቅም ከውጭ በኩል በቢጫ ጭቃ ተመርጎ ነበር።

«በሩን የከፈተው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አሉ የዶክተሩ ባለቤት ኒልዛ። «ተጣብቆብኝ በትከሻዬ ገፋሁት።»

«ምሳ ያደረሰላቸውስ?»

«ጎረቤታችን ሊንዳልቫ፣ እንደ ወትሮው።»

«ጠላት ነበራቸው?»

«ባሌ? ከሰል ከአፈር ደባልቆ መንደሩን ከረሃብ ያወጣ ሰው!»

እውነትም ነው። ጁሬማ ከኤቫንድሮ ጋር ማሳዎቹን ስትዞር አፈሩ እንደ ኩል ጠቁሯል፤ ካሳቫው ከሰው ቁመት ያልፋል። መሀል ላይ ግን አንድ ቢጫ ማሳ አለ፤ ተክሉ ከጉልበት አይበልጥም።

«ይሄስ ምን ሆኖ ነው?»

«የእትዬ ሊንዳልቫ ነው። ማነጻጸሪያ ነው» አለ ኤቫንድሮ። «ከሰልም ፍግም አይነካውም። እሱ ባይኖር የሌላው ለውጥ በምን ይታወቃል?»

«ሴትዮዋስ ምን ይበላሉ?»

«ተስማምተው ነው የገቡት» አለ ትከሻውን ሰብቆ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ኤቫንድሮን፣ ኒልዛንና ሊንዳልቫን በማከማቻው ደጅ ሰበሰበቻቸው።

«የጆንያው ከሰል ቀዝቃዛ ስለሆነ ፍሙ ከውጭ የመጣ ነው። ዶክተሩ ሲተኙ አንድ ሰው በገል አስገባ፤ በሩን ዘግቶ ስንጥቁን መረገ። እዚህ ያለው አፈር ሁሉ ጥቁር ነው። ቢጫ የቀረው አንድ ማሳ ላይ ብቻ ነው።»

«ማንም ቢሆን ሊያመጣው አይችልም?» አሉ ሊንዳልቫ።

«ይችላል። ግን ምርጉ ላይ የአውራ ጣት ምልክት ደርቆበታል፤ ጫፉ የተቆረጠ አውራ ጣት።»

ሁሉም የሊንዳልቫን እጅ አዩ። የካሳቫ መፈቅፈቂያ ጫፉን የበላው አውራ ጣት ነው። ሊንዳልቫ አልደበቁትም።

«ሁለት ልጅ በረሃብ ቀብሬ፣ ለማሳዬም ከሰል እንዲሰጠኝ ለመንኩት። ‹ለመጪው ዓመት› አለኝ። በየዓመቱ ለመጪው ዓመት! አንድ ጆንያ ከሰል ሰርቄ ማሳዬ ላይ ብበትን፣ አንበርክኮ በጣቴ አስለቀመኝ። ዛሬ ምሳውን ሳቀርብለት ‹ሥራዬን የሚያሳምረው ያንቺ መክሳት ነው› ብሎ ሳቀ። ስቆ ተኛ።»

ጁሬማ ካቴናውን አጠለቀችላቸው። ጀልባው ጋ ሲደርሱ ሊንዳልቫ ዞረው «የቀረችኝ ልጅ እቤት ናት» አሉ።

ኤቫንድሮ እየሮጠ ደረሰባቸው።

«አያስቡ እትዬ! ጥናቱ ሊያልቅ አንድ ምርት ነው የቀረው። ማሳውን ልጅዎ ትይዘዋለች፤ እንዳለ፣ ከሰል ሳይነካው።»

ሊንዳልቫ ከነካቴናቸው ተወረወሩበት። ጁሬማ ልትይዛቸው አልቸኮለችም።